ጠብታዋ የምትቆምበት ጠርዝ

ስምንት ዓመት ሙሉ ያጠናሁት ፈሳሽ እንዴት እንደሚቆም ነው። ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ እንዲህ ብዬ መመለስ የጀመርኩት፣ ትክክለኛውን ስም ስናገር ጠያቂዎቼ ስልካቸውን ማየት እየጀመሩ ስላስቸገሩኝ ነው። አንድ ጊዜ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ «እና የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ በይኛ» አለችኝ። አሰብኩበትና «አዎ» አልኳት፤ ብዙም አልተሳሳተችም። ልዩነቱ የእኔ ቧንቧዎች ስፋታቸው ሁለት ፀጉር ጎን ለጎን ቢተኛ የሚያክል መሆኑ ብቻ ነው።

ፈሳሽ እንዲህ ያለ ጠባብ ቦታ ሲገባ ጠባዩ ይለወጣል። ክብደቱን ይረሳል፤ ሽቅብና ቁልቁል ለሱ አንድ ይሆናል። ሁለት ፈሳሾች በአንድ መስመር ቢለቀቁ እንደ ተኳረፉ ጎረቤታሞች ጎን ለጎን ይሄዳሉ እንጂ ቶሎ አይደባለቁም። ለዓይን የማትታይ ብናኝ መንገድ ትዘጋለች፤ አንዲት የአየር አረፋ የሳምንት ሥራ ታበላሻለች። ይህን ዓለም የወደድኩት ሁሉም ነገር በሕግ የሚሄድበት ስለመሰለኝ ነው። ከቤታችን በር እስከ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ድረስ በሕግ የሚሄድ ነገር አይቼ አላውቅም ነበር።

የምፈልገው ነገር ሲነገር ቀላል ይመስላል። ያለ መብራትና ያለ ሞተር የሚሠራ፣ ከክብሪት ሳጥን የማይበልጥ ስስ የመመርመሪያ ዕቃ ነው። አንዲት የደም ጠብታ ጫፉ ላይ ስትቀመጥ በራሷ ትሳባለች፤ መንገድ ላይ ሦስት ቦታ ትቆማለች፤ በየቆመችበት ከአንድ መድኃኒት ጋር ትገናኛለች፤ ጊዜው ሲደርስ ታልፋለች። መብራት ሄዶ በሚከርምበት ጤና ጣቢያ ያለች ነርስ ልትጠቀምበት ትችላለች። ጠብታዋን የሚያቆማት በር ወይም ክዳን አይደለም፤ ቅርጹ ብቻ ነው። ጠባቡ መስመር በድንገት ወደ ሰፊ ቦታ ሲከፈት፣ መክፈቻው ላይ ያለው ጠርዝ ስለታም ከሆነ ፈሳሹ እዚያ ደርሶ ይቆማል። ጠርዙ ትንሽ ከዶለዶመ ግን ታክኮት ይዞርና ያልፋል። አንባቢ ሌላውን ሁሉ ቢረሳው ግድ የለኝም፤ ይህችን ብቻ ይያዝልኝ። እኔን ያጠፋችኝ እሷ ናት።

ለዶክትሬት የተሰጠኝ ጊዜ ሁለት ጊዜ ተራዝሞልኛል። ሦስተኛውን ስጠይቅ ፈታኞቼ ከእንግዲህ ወረቀት እንደማይፈልጉ ነገሩኝ። ሦስቱም ማቆሚያዎች በአንድ ዕቃ ላይ፣ እነሱ እያዩ፣ መሥራት አለባቸው፤ አለዚያ ፋይሌ ይዘጋል። ያኔ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። አላገባሁም፣ አልወለድኩም፣ ውጭ የሄዱት ጓደኞቼ ሲጠሩኝ አልሄድኩም። ሁሉንም ነገር «ይሄ ይለቅና» እያልኩ ነበር ያሳደርኩት።

ችግሬ ፎርማ ነበር። እነዚያ ቀጫጭን መስመሮች የሚወጡት እንደ ማር የወፈረ ጥሬ ሲሊኮን ፎርማ ላይ አፍስሶ በማብሰል ነው፤ ሲላቀቅ የፎርማው ጉብታ ሁሉ ሲሊኮኑ ላይ ቦይ ሆኖ ይቀራል፤ ከዚያ መስታወት ላይ ይለጠፋል። በሌላው ዓለም ይህን ፎርማ የሚሠሩት አቧራ በሌለበት ክፍል ውስጥ በብርሃን ነው። የእኛ ቤተ ሙከራ ከሥላሴ ብዙ በማይርቅ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ መስኮቱ አይገጥምም፤ በጋ ላይ ጠረጴዛው ላይ በጣት ስም መጻፍ ይቻላል። ከውጭ ካዘዝኳቸው ሁለት ፎርማዎች አንዱ ተሰንጥቆ መጣ፤ ሌላው የት እንደቀረ እስካሁን አላውቅም።

አባቴ አንጥረኛ ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ከአክሱም መጥቶ ፒያሳ ከገባ ጀምሮ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሃምሳ ዓመት ያህል ቀርጿል። የግማሽ አዲስ አበባን የጋብቻ ቀለበት የሠራሁት እኔ ነኝ ይላል፤ ቀጥሎ «የተፋቱትን አትቁጠሩብኝ» ይላል። ከፒያሳ ብዙው ፈርሶ መንገዱ ሲሰፋ የሱ ክፍል እንዴት እንደተረፈች እሱም አያውቅም። ጎረቤቶቹ ሁሉ ሄደው እሱ ብቻ ቀረ፤ በሩን ሲከፍት ፊት ለፊቱ ቤት ሳይሆን አስፋልትና አዲስ የተተከለ ሣር ነው የሚያየው። እናቴ ከሞተች በኋላ ቤት ውስጥ ያለነው እኔና እሱ ነን።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳ ላይ ዝም ስል ምን እንደሆንኩ ጠየቀኝ። አፌን ሞልቼ ልናገረው ስላልቻልኩ የቀን መቁጠሪያ ወረቀት ገንጥዬ ጀርባው ላይ ሣልኩለት። መስመሮቹን፣ መክፈቻዎቹን፣ ስፋታቸውን አስረዳሁት። ወረቀቱን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጎ አየው።

«ይኼ ነው እንዴ ይኼን ሁሉ ዓመት ያስለቀሰሽ?» አለ። «ይኼማ የመስቀል ሐረግ ነው። ከዚህ የቀጠነ ቀርጬ አውቃለሁ።»

ሳቅኩ። እሱ ግን አልሳቀም። በማግስቱ ወደ ክፍሉ ይዞኝ ሄደና መቅረጫዎቹን አሳየኝ፤ ብዙዎቹን ከጃንጥላ ብረትና ካረጀ ሞረድ ራሱ የሠራቸው ናቸው። ልጅ ሆኜ እንዳልነካቸው እገረፍ ነበር። አንደኛዋ ጫፏ በዓይን አይለይም። ነሐስ ቁራሽ ወስዶ በሷ ግራና ቀኙን ፍቆ አንድ ጉብ ያለ ቀጭን መስመር አስቀረ፤ ያንን መስመር ወስጄ ማይክሮስኮፕ ሥር ሳየው ስፋቱ ልክ የምፈልገው ነበር። ስምንት ዓመት በደብዳቤና በኢሜይል ስለምነው የኖርኩት ነገር ሁልጊዜ ራቴን አብሬው የምበላው ሰው ዘንድ ነበር።

የመጀመሪያው ፎርማ ለሙከራ ነበር፤ አንድ ማቆሚያ ብቻ ያለው። ሲሰጠኝ በጋዜጣ ጠቅልሎ ነው። ነሐሱ ጠቁሯል፣ ዙሪያው ተቧጭሯል።

«ለሰው እንዳታሳዪው» አለኝ። «ሙከራ ነው፤ ገና ፊቱ አልታጠበም።»

ሲሊኮኑን አፍስሼ፣ አብስዬ፣ መስታወት ላይ ለጠፍኩት። በቀይ ቀለም የነከርኩትን ውኃ ጫፉ ላይ ጠብ አደረግሁ። ቀዩ መስመር ሮጦ መጣ፤ መክፈቻው ጋ ደረሰ፤ ቆመ። ደረቱን ትንሽ ወደ ውጭ ነፍቶ እዚያው ቆመ። አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጬ ስመለከተው ንቅንቅ አላለም። ካፖርቴን ሳልደርብ ወጥቼ ከሥላሴ እስከ ፒያሳ በእግሬ ሄድኩ፤ ክፍሉ በር ላይ ቆሜ «ቆመች» አልኩት። «ለስንት ጊዜ?» አለኝ። «እለፊ እስክትባል ድረስ» አልኩት። በዚህች ሕይወቴ ከዚያች ከሰዓት የተሻለ ቀን አላስታውስም፤ እንዲህ ብዬ መጻፌ ራሱ ያሳፍረኛል፣ ግን እውነት ነው።

በዚያው ወር ዓይኑን እንዲታይ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ጎን ጎኑን ማየት ካቆመ ቆይቷል፤ ደጃፋችን ላይ ከሰው ጋር ሲጋጭ «ዛሬ ሰው ሁሉ ቸኩሏል» ይል ነበር። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለ። እርሳስ አንሥቶ ዓይን ሣለና ሊያስረዳኝ ጀመረ። ዓይን በውስጡ ውኃ ያመነጫል፤ ውኃው በጠርዙ ባሉ እጅግ ጠባብ መውረጃዎች መውጣት አለበት፤ የአባቴ መውረጃዎች ተደፍነዋል፤ የማይወጣው ውኃ ነርቩን ተጭኖ ይገድለዋል። «ገብቶኛል» አልኩት። ከሱ የበለጠ ነበር የገባኝ። በምን ያህል ጥበት ምን ያህል ውኃ በስንት ግፊት እንደሚያልፍ በቃሌ ማስላት እችላለሁ፤ ለአባቴ ግን የምሠራለት ምንም አልነበረኝም። የሞተው አይመለስም፤ የቀረውን ለማቆየት ጠዋትና ማታ ጠብታ ይደረግለት ተባለ። ሐኪሙ ቀና ብሎ አባቴን ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቀው።

«አንጥረኛ ነኝ» አለ አባቴ።

«እንግዲህ አባት፣ ከእሳትና ከስለት ጋር መዋል ይብቃዎት።»

«የጀመርኩት አለ» አለ አባቴ። የጀመረው የኔ ፎርማ ነበር። እኔም ተው አላልኩትም።

ሁለተኛውን፣ ሦስት ማቆሚያ ያለውን ትልቁን ፎርማ ሲሠራ አንድ ወር ተኩል ፈጀበት። አንድ ቀን ክፍሉ ሄጄ ጀርባው ጎብጦ፣ ነሐሱን ከአጉሊ መነጽሩ ሥር አድርጎ አየሁት። ሊደክም አይገባውም ብዬ አሰብኩ፤ ቢያንስ ክብሩን ያግኝ ብዬ አሰብኩ።

«አባዬ፣ ፈታኞቹ ራሱን ነሐሱን ያዩታል» አልኩት። «ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ የአባቴ ሥራ ነው እላቸዋለሁ።»

ቀና አለ። «እነሱ ራሳቸው ያዩታል?»

«በእጃቸው ይዘው።»

«ጎሽ» አለና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ያጠፋሁት እዚህ ጋ ነው። የአንጥረኛ ልጅ ነኝ። አንጥረኛ ያልተወለወለ ሥራ ከእጁ እንደማያወጣ ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ ቀረጻው የሥራው እኩሌታ ነው፣ እኩሌታው መወልወል ነው፤ ሳያብረቀርቅ ለሰው የሚታይ ሥራ ለሱ ሱሪ ሳይታጠቁ አደባባይ እንደ መውጣት ያለ ውርደት ነው። ሙከራውን ሳይወለውል የሰጠኝ ሙከራ ስለሆነና ማንም ስለማያየው ብቻ ነበር። ይኼንንም ራሱ በአፉ ነግሮኛል። እኔ ስለ መስመሩ ስፋት ስለፈልፍ ስለ ጠርዙ ስለት አንድም ቀን አልነገርኩትም፤ ያለ እኔ ንግግር ስለታም ሆኖ ስለመጣ ሁልጊዜም እንዲያ የሚመጣ መሰለኝ። ጽሑፌ ውስጥ ስለ ጠርዝ አርባ ገጽ ጽፌያለሁ። ለሚሠራው ሰው አንዲት ዓረፍተ ነገር አልነገርኩም።

ፎርማውን ያመጣልኝ ከፈተናው ዋዜማ ነው። ቀደም ብሎ ሊያደርስልኝ ፈልጎ መብራት አስቸገረው፤ ዓይኑም እንዳስቸገረው የገባኝ በኋላ ነው። ራሱ ቤተ ሙከራው ድረስ መጣ፤ በሥላሴ በኩል ዳገቱን በእግሩ። የቀለበት ሳጥን ከኪሱ አውጥቶ ከፈተው። ቀይ ከፋይ ላይ የተቀመጠው ነሐስ ከወርቅ አይለይም። ፊቴን አየሁበት። 

«ሦስት ቀን ነው ያጠብኩት» አለኝ። «በጠመኔ ዱቄት፣ ከዚያ በጨርቅ፣ በመጨረሻ በመዳፌ።»

«ያምራል አባዬ» አልኩት።

ከሄደ በኋላ ማይክሮስኮፕ ሥር አደረግሁት። ጠርዞቹ በሙሉ አገልግሎ ያለቀ ሳሙና መስለዋል። ለስላሳ፣ ክብ፣ የሚያባብሉ ጠርዞች። መስመሮቹ ግን ቀጥ ያሉ ነበሩ፤ እጁ አንድ ቦታ አልሳተም። ምን እንደሚሆን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ ሆኖም ሲሊኮኑን አፈሰስኩ። ምናልባት አንዱ ይቆም ይሆናል፣ ምናልባት ሕጉ ለአንድ ቀን ይራራልኝ ይሆናል ብዬ ነው። ስምንት ዓመት ሳይንስ ተምሬ በመጨረሻዋ ቀን ስእለት ልሳል ምንም አልቀረኝም።

ፈታኞቹ ሦስት ነበሩ። ነሐሱን በእጃቸው ተቀባበሉት፤ ወደዱት። ሽማግሌው ፈታኝ መነጽሩን አውልቆ አገላብጦ አየና «ማን ነው የሠራው?» አለኝ። «አባቴ» አልኩ። «እጁ ይባረክ» አለ። ከዚያ ማይክሮስኮፑን ከግድግዳው ላይ ካለው ስክሪን ጋር አገናኘሁና ጠብታዋን አስቀመጥኩ። ቀዩ መስመር ሮጦ መጣ። የመጀመሪያው መክፈቻ ጋ ሲደርስ በር ላይ እንደሚያመነታ ሰው ትንሽ ቆም አለ።  ከዚያ ጠርዙን ታክኮ ዞረና ገባ። ሁለተኛው ጋ ጭራሽ አልቆመም። ሦስተኛውን አለፈና ጫፍ ደርሶ አለቀ። ሁሉም ነገር አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ከሥላሴ በኩል ደወል ይሰማ ነበር።

«እንግዲህ ይኼ ቆሟል ልንል አንችልም» አለ ሽማግሌው፣ በደግነት።

ጠርዞቹ ተወልውለው መዶልዶማቸውን ነገርኳቸው። ማን እንደወለወላቸው ጠየቁ። «ስሕተቱ የእኔ ነው» አልኩ፤ ከዚያ ሁሉ ቀን ንግግሬ ጥርት ያለ እውነት እሷ ነበረች። ወጥቼ ስጠብቅ ተማከሩና አስገብተው ሁለት ወር ሰጡኝ። የመጨረሻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ማንም ሊያራዝመው አይችልም አሉ። አመሰገንኳቸው። በውስጤ ጨለማ ቢሆንም ሁለት ወር ብዙ ነው፤ አባዬ ያንን ፎርማ እንደገና ሳይወለውል ቢሠራው ይደርሳል ብዬ አሰላሁ።

አባቴ ፒያሳ እኔና እሱ የምናዘወትራት ኬክ ቤት ውስጥ ይጠብቀኝ ነበር። ኮቱን ለብሶ፣ ባንኮኒው አጠገብ ቆሞ። ባንኮኒው ውስጥ ያለው ሰው ገና ስገባ «ፋዘር ዛሬ ልክ አይደሉም፤ ሦስተኛ ማኪያቶ ነው። ልጅትን ልንድር ነው እንዴ ብለን ነበር» አለኝ። አባቴ አልሰማውም። እኔን ብቻ ነበር የሚያየው፤ ፊቴን ፈልጎ ለማግኘት ጭንቅላቱን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ያደርግ ነበር።

«ቆመች?» አለኝ።

«ቆመች።»

«ሦስቱም ጋ?»

«ሦስቱም ጋ።»

መነጽሩን አወለቀና በመሐረቡ ዓይኑን ጠረገ። «ተመስገን፣ ጓለይ» አለኝ፤ በትግርኛ ልጄ የሚለኝ ልቡ ሲነካ ብቻ ነው። ከዚያ ዞሮ ለባንኮኒው ሰው ነገረው፣ አጠገቡ ለቆሙት ለማያውቃቸው ሰዎችም ነገራቸው። ሰውየው ኬክ አወጣልን። «እንኳን ደስ ያለሽ ዶክተር» አለኝ። ኬኩን በላሁት።

ለምን እንደዋሸሁ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ለሱ አዝኜ ነው ብዬ ብቻ ባልፈው ደስ ይለኝ ነበር። አዝኜለታለሁ፤ ሦስት ቀን በመዳፉ ያጠበው ነገር በዚያው መታጠቡ መበላሸቱን እንዲሰማ አልፈለግሁም። ግን ደግሞ ደክሞኝ ነበር። እንደገና ማስረዳት፣ እንደገና ወረቀት ላይ መሣል፣ እንደገና የሱን ፊት ሲለወጥ ማየት አቅም አልነበረኝም። «ቆመች» አንዲት ቃል ናት፤ ከአፍ ለማውጣት ምንም ጉልበት አትጠይቅም።

ዘጠኝ ቀን አሳለፍኩ። የተሻለ ውሸት እየፈለግሁ ነበር። በመጨረሻ አገኘሁ፦ ፈታኞቹ በጣም ስለወደዱት ሌላ አንድ ቅጂ ፈልገዋል፣ ለማስተማሪያ፣ ይኼኛው ግን ሳይወለወል ይሁን ብለዋል። ከሥላሴ እስከ ፒያሳ መንገዱን ሁሉ እየደጋገምኩ ተለማመድኩት። ክፍሉ ስደርስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። አባቴ ውስጥ እየጠረገ ነበር። የሥራ ጠረጴዛው ባዶ ነው፤ ግድግዳው ላይ ሞረዶቹ ተሰቅለውባቸው የነበሩት ምስማሮች ብቻ ቀርተዋል።

«መሣሪያዎቹስ?» አልኩት።

«ሸኘኋቸው» አለኝ። ድምፁ ደስ ያለው ሰው ድምፅ ነበር። አብሮት የሠራ አንድ አንጥረኛ ጠቅልሎ ወደ አክሱም ተመልሷል፤ አባቴ ዕቃውን ለሱ ሰጥቶታል፤ መኪናው ከትናንት ወዲያ ወጥቷል። «ክፍሏን ለባለቤቱ ላስረክብ ነው። ሐኪሙም ይበቃዎታል ብሎኝ የለ? ስላንቺ ብዬ እንጂ እኔስ ከዓመት በፊት ነበር የማቆመው። አሁን ካንቺ ሥራ በኋላ ሌላ ነገር ብነካ አበላሻለሁ። በሱ ልጨርስ አልኩ።»

መሣሪያዎቹን ማስመለስ ይቻላል ብዬ አሰብኩ። መደወል ይቻላል፣ በመኪና ማስላክ ይቻላል። ምናልባት ሐሳቤ ፊቴ ላይ ታይቶት ይሆናል፤ ወይም እንዲሁ ሊነግረኝ ፈልጎ ይሆናል፤ መጥረጊያውን አስደግፎ ተቀመጠ።

«አሁን ልንገርሽ፣ ሆዴ ውስጥ አልያዝም» አለኝ። «ሦስተኛውን ማቆሚያ በዓይኔ አይደለም የቀረጽኩት። የመቅረጫዋ ጫፍ ጠፍታብኝ ነበር። በጣቴ እየዳበስኩ ነው። ከእንግዲህ ያንን መድገም አልችልም፤ እንዴት እንደወጣልኝም አላውቅም። የመጨረሻ ያየሁት ሥራ እሱ ቢሆን አይከፋኝም።»

ያኔ ልነግረው እችል ነበር። አፌን ከፍቼ ነበር። «አባዬ» አልኩት። «ወይ» አለኝ። «ልርዳህ» ብዬ መጥረጊያውን ተቀበልኩት።

የቀሩትን ሳምንታት ፎርማ ፍለጋ ተንከራተትኩባቸው። ከፒያሳ የተነሡት አንጥረኞች የት እንደገቡ እየጠየቅሁ ሄድኩ። ብዙዎቹ አሁን በእጅ አይቀርጹም፤ በሰም አቅልጠው ነው የሚያወጡት፤ ወረቀቴን አይተው «ይኼ የድሮዎቹ ሥራ ነው» ይሉኛል። የአንዱ ምክር ወደ አባቴ እንድሄድ ነበር፤ ልጁ መሆኔን አላወቀም። አንዱ ሞከረልኝና መስመሩ ሰካራም የሄደበት መሰለ። አንድ ማቆሚያ ካለው ከመጀመሪያው ሙከራ ሦስት ጊዜ አትሜ፣ ሦስቱን ቁራጭ ላገጣጥም ሞከርኩ። በየመጋጠሚያው አፈሰሰ። ዘጠኝ ጊዜ ሞክሬ ዘጠኝ ጊዜ አፈሰሰ፤ አሥረኛውን አልሞከርኩም።

ቀኑ አለፈ። ፋይሌ መዘጋቱን የሚገልጸውን ደብዳቤ የሰጠችኝ ጸሐፊ ወንበር ሳበችልኝ፤ ቆሜ ፈረምኩ። የቤተ ሙከራውን ቁልፍ መለስኩ። በር ላይ የተለጠፈውን ስሜን ማን እንደሚያነሣው ጠየቅሁ፤ ማንም አላወቀም፤ ራሴ ላጥኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት እንደ ድሮው ቦርሳዬን ይዤ ከቤት እወጣለሁ። አንዳንድ ቀን አንድ የግል ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ሌላውን ቀን ሥላሴ ግቢ ዛፎቹ ሥር እቀመጣለሁ።

አባቴ አያውቅም። ምርቃቱ መቼ እንደሆነ ይጠይቀኛል። መጀመሪያ ወረቀቱ ተራ እየጠበቀ ነው አልኩት፤ ቀጥሎ ስብሰባ አልተደረገም አልኩት፤ ቀጥሎ ለሚመጣው ዓመት ተዛወረ አልኩት። ሱፉን ከላውንደሪ አስመጥቶ በላስቲክ እንደተሸፈነ ምስማር ላይ ሰቅሎታል። የቀኝ ዓይኑ ጠፍቷል። በግራው መሐል መሐሉን፣ በቁልፍ ቀዳዳ የሚያይ ያህል ያያል።

«ቀኑ ይርዘም፣ ግድ የለኝም» አለኝ በቀደም። «ብቻ ይቺ ሳትዘጋ ይሁን። ካባውን ለብሰሽ ልይሽ።»

«ይደርሳል አባዬ» አልኩት።

ያቺ የግራ ዓይኑ ከጠፋች ሁሉም ነገር ቀላል ይሆናል። አንድ ቀን ጠዋት ሱፉን አልብሼው፣ እጁን ይዤ አንድ አዳራሽ አስገብቼ፣ ሰው ሲያጨበጭብ ካባዬን በጣቱ አስነክቼው ልመልሰው እችላለሁ። ካባ መከራየት ይቻላል። ይህን ያሰብኩት እኔ ነኝ፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን ብዙ ጊዜ፣ ዝርዝሩን እያስተካከልኩ አስቤዋለሁ።

ባለፈው ሐሙስ የጠዋቱን ጠብታ ሳላደርግለት ወጣሁ። ረስቼ ነው። ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ስደርስ ትዝ አለኝ፤ ስደነግጥ ሳይሆን ቀለል ሲለኝ ተሰማኝ፤ ጥቂት እርምጃም ወደ ፊት ሄድኩ። ከዚያ ምን እያደረግሁ እንደሆነ ገባኝና ሰው እየገፈተርኩ ሮጬ ተመለስኩ። አባቴ ሶፋው ላይ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ የታችኛውን የዓይን ቆብ በጣቱ ወደ ታች ስቦ፣ ዓይኑን እንደገለጠ ተቀምጧል። ከወጣሁ ጀምሮ እንደዚያው ነበር።

«ተመለስሽ?» አለኝ ሳይንቀሳቀስ። «ቀኑን ነገሩሽ እንዴ?»

«ገና ነው» አልኩትና ጠብታውን አደረግሁለት።